ቢጫው ወፍ ድምፁ ተቀየረ?

ጠያቂ፦ ሰላም ከጅማ! ልጄ የአሜሪካኑን የልጆች ፕሮግራም ሰሰሚ ስትሪትን በዩቲዩብ ድሮውንም አዲሱንም እያቀላቀለች ታያለች። ትናንት «እማዬ፣ ወፉ ድምፁ ተቀየረ» አለችኝ። የወፉን አሻንጉሊት ውስጡ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰውና ድምፅ የሚሰጠው ሰውየው ሲለቅ እንዴት ነው የሚያደርጉት?

ቡና ጠጪ፦ ጆሮ ያላት ልጅ! ቢጫውን ወፍ፣ ቢግ በርድን፣ ካሮል ስፒኒ በፈረንጆቹ ከ1969 እስከ 2018 ሠርቶታል። ተተኪው ማት ቮገል ድንገት የገባ አይደለም፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በምትክነት ሲለማመድ ነው የኖረው። አንድ እጅ ሁሌ ወደ ላይ ተዘርግቶ የወፉን ጭንቅላት ይይዛል፣ ሰውየው ውጭውን የሚያየው ደረቱ ላይ ባለች ትንሽ ስክሪን ነው፤ በወር የሚለመድ ነገር አይደለም።

የሂርማታ ልጅ፦ ሰው ሲሆን ግን ይለያል። ባለሱቁን ሚስተር ሁፐርን የሚጫወተው ዊል ሊ በ1982 ሲሞት ሌላ ሰው አልተኩም። በ1983 መሞቱን ለልጆቹ በግልጽ ነገሯቸው። አልቅሻለሁ፣ አትሳቁብኝ።

ጠያቂ፦ እኔ እኮ «ጉንፋን ይዞት ነው» ብያታለሁ! ዛሬ ደግሞ «አልዳነም እንዴ?» እያለችኝ ነው።