የካህናቱ ዝምታ ምስጢር ነው ወይስ አለመነጋገር?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦ ባለፈው ወር እሑድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ ብንሄድ የማናውቃቸው አባ ቆመዋል። የፊተኛው ቆሞሳችን፣ የአጥቢያችን አስተዳዳሪ ካህን፣ ሐሙስ ዕለት ሄደዋል አሉ። ማን አዘዘ? ለምን? የሚነግረን የለም። አዲሱ አባማ ከእኛ ባሱ። የቁልፍ ዘለላ ይዘው ዘበኛውን «የዕቃ ቤቱ የትኛው ነው?» ይላሉ። ለጣሪያው ያዋጣነው ብር እንዳለም አልሰሙም። ካህን ከካህን እንዲህ ከተደባበቀ ለእኛ ማን ሊነግረን ነው?

ኮምቦልቻ፦ ቀስ በል ወንድም ዓለም። ካህን የሰማውን ሁሉ አደባባይ ካወጣ ማን ሊናዘዝ ይመጣል? የኑዛዜ ምስጢር ያወጣ ካህን እኮ ይወገዛል።

የጦሳ ልጅ፦ ጣሪያው ተናዘዘ እንዴ?

የቧንቧ ውሃዋ፦ ገደልከኝ! ኮምቦልቻ፣ ሁለቱን አታምታታ። ሮምም ለይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በካህናት የወሲብ ጥቃት ክሶች ላይ «ጳጳሳዊ ምስጢር» የሚባለውን፣ ጉዳዩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጥብቅ ምስጢር እንዲያዝ የሚያዘውን ደንብ፣ አስቀሩ። የኑዛዜው እንዳለ ነው። አሜሪካ፣ ቦስተን ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የፈነዳውም ይኸው ነበር፤ ጥፋተኛው ካህን ከአጥቢያ አጥቢያ ሲዛወር ተቀባዮቹ አያውቁም።

ኮምቦልቻ፦ የእኛን ከዚያ ጋር አታነጻጽሪ። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ገና ልጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣበት። ከደሴ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

የቧንቧ ውሃዋ፦ መንገዱን አውቀዋለሁ። ስልክ ግን አለ።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጎረቤት ስለሆንኩ አንድ ነገር ልበል። የሰፈራችን መስጊድ ኮሚቴም ሒሳብ ሳያሳየን ሁለት ዓመት ከርሞ ነበር። አንድ ቀን ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ጠየቁ። በሳምንቱ ደብተሩ መጣ። ማንም አልተዋረደም፣ አብሽሩ።

የጦሳ ልጅ፦ እኛ ብንጠይቅ «አባን ደፈሩ» ነው የምንባለው።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ሕጉ ግን ድፍረት አይለውም። እኛ የምንተዳደርበት የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ቀኖና 15ን እይ። ምእመን ለቤተ ክርስቲያን ይበጃል ያለውን ለእረኞቹ መናገር መብቱ ነው፣ አንዳንዴም ግዴታው። በአክብሮት ይሁን ይላል፣ እሱስ ልክ ነው።

ኮምቦልቻ፦ እሺ፣ የጣሪያውን ደብተር ጠይቁ፣ እኔም ከጎናችሁ እቆማለሁ። አባ ለምን እንደሄዱ ግን አልጠይቅም። የሰው ገመና ሊኖርበት ይችላል።

የጦሳ ልጅ፦ «ተዛውረዋል» ለማለት ምን ገመና አለው? እኔ ሁለቱንም እጠይቃለሁ። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዕቃ ቤት። አባ እስከዚያ ቁልፉን ካገኙት።