ከባኩ እስከ ዬሬቫን፦ የ15 ቀን የባህል ጉዞ ከየት ይጀመር? ምንስ ይቀነስ?

ጥያቄ | ስንቅ_ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። 14 ሰው ይዘን በአስጎብኚ የሚመራ የደቡብ ካውካሰስ ጉዞ እያዘጋጀን ነው፤ አዘርባጃን፣ ጆርጂያና አርመኒያ። ያለን ጊዜ 15 ቀን (14 ሌሊት) ሲሆን ያሰብነው ለመስከረም ነው። አብዛኞቹ ከ50 ዓመት በላይ ናቸው፤ መራመድ አያቅታቸውም፣ ተራራ መውጣት ግን አይፈልጉም። የሚሹት ገዳማት፣ የእጅ ሥራ፣ ምግብና የገጠር ኑሮ ማየት ነው።

ሁለት የጉዞ ረቂቅ ደርሶናል። አንዱ ዬሬቫን ጀምሮ ባኩ ያበቃል፣ ሌላው የዚያ ግልባጭ ነው። ሁለቱም ኡሽጉሊንና ካዝቤጊን (የጆርጂያ ተራራማ ቦታዎች) እንዲሁም ታቴቭን (የአርመኒያ ገዳም) አንድ ላይ አጭቀዋል። ከየት መጀመር ይሻላል? ድንበሮቹ በመኪና ይታለፋሉ? የሚጾሙ ሰዎችም አሉና አይቸገሩም?

መልስ 1 | ካርታ_ዘርጊ

ከባኩ ጀምሩ። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይመስለኝም።

የአዘርባጃንና የአርመኒያ ድንበር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ ለመንገደኛ ዝግ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው ጆርጂያ ናት። የአርመኒያ ማኅተም ፓስፖርት ላይ መገኘቱ ብቻውን ባኩ ከመግባት አይከለክልም፤ ሆኖም «ለምን ሄድክ? የት የት ደረስክ?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። 14 ሰው አንድ በአንድ ሲጠየቅ ግማሽ ቀን አለቀ ማለት ነው። ሻንጣ ውስጥ የአርመን ኮኛክ ወይም ሁለቱ አገሮች የተጣሉበትን ካራባኽን በአርመኖች አጠራር «አርትሳኽ» ብሎ የጻፈ ካርታ ከተገኘማ ጉምሩክ ላይ ነገር ይከራል። የአዘርባጃን ማኅተም ይዞ አርመኒያ መግባት ግን ይህን ያህል አያስቸግርም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ረቂቅ የሚሳሳትበት ነው። አዘርባጃን የየብስ ድንበሯን በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ለመንገደኛ ዘጋች፤ እገዳውንም በየጥቂት ወሩ ስታራዝመው ቆይታለች። ቀድሞ የነበረው የታወቀ መንገድ ከባኩ ሼኪ፣ ከሼኪ በላጎዴኺ በኩል ወደ ካኬቲ የወይን አገር ነበር። አንዳንድ ድርጅት የድሮውን ፕሮግራም ሳይነካ ይልካል። ረቂቃችሁ ላይ «ከሼኪ በመኪና ወደ ቴላቪ» (የካኬቲ ከተማ) የሚል ካለ፣ ድንበሩ ለመንገደኛ መከፈቱን በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ። ካልሆነ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ባኩ ተመልሶ ወደ ትብሊሲ መብረር ነው። የመልሱ መንገድ አንድ ቀን ስለሚበላ በቆጠራው ውስጥ ይግባ።

የሌሊቱን ድልድል እኔ እንዲህ አደርገው ነበር፦ ባኩ 2፣ ሼኪ 1፣ ባኩ 1፤ ትብሊሲ 2፣ ስቴፓንትስሚንዳ (የድሮ ስሙ ካዝቤጊ) 1፣ ካኬቲ 2፤ ዲሊጃን 1፣ ዬሬቫን 3፣ ጎሪስ 1። ከጎሪስ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን እንዳትሮጡ ከዬሬቫኖቹ ሦስት ሌሊቶች አንዱን ለመጨረሻ አቆዩት። መመለሻ ትኬቱም ከዬሬቫን ይሁን። በትብሊሲ በኩል ከሆነ ጆርጂያን ሁለት ጊዜ ትገባላችሁ፤ ቪዛ የሚጠየቅ ሰው የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይዞ ድንበር ላይ ይቀራል።

መልስ 2 | የደጋ_ሰው

ከላይ ባለው እስማማለሁ። በተራራው በኩል ኡሽጉሊን ቁረጡ። የመንደሩ ግንቦች ድንቅ ናቸው፤ ኡሽጉሊ ያለችበትን ላይኛው ስቫኔቲን በ1996 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከትብሊሲ የአካባቢው ከተማ ሜስቲያ ድረስ በመኪና ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል፣ ከሜስቲያ ኡሽጉሊ ደግሞ ሌላ 46 ኪሎ ሜትር የተራራ መንገድ አለ። ወደ ሜስቲያ የምትበረው ትንሿ አውሮፕላን ደመና በወረደ ቁጥር ትቀራለች፤ በዚያ የተቆረጠ ፕሮግራም በአንድ ስረዛ ይፈርሳል። ኡሽጉሊ ደርሶ መልስ በትንሹ አራት ቀን ይጠይቃል። እናንተ ደግሞ የላችሁም።

ስቴፓንትስሚንዳ ይበቃችኋል። ከትብሊሲ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ወደ ሩሲያ ድንበር ወደ ላርሲ የሚሄደው ስለሆነ የጭነት መኪና ሰልፍ ሰዓቱን ያዛባዋል። ማለዳ ውጡ። የምጽኼታ ከተማን (የጅቫሪንና የስቬቲትስኾቬሊን አብያተ ክርስቲያናት) በመሄጃው ላይ አስገቡት እንጂ ለብቻው ቀን አትስጡት።

2,170 ሜትር ላይ ወዳለችው የጌርጌቲ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ አውቶቡስ አይወጣም። ከመንደሩ ስድስት ሰባት ሰው የሚይዙ ባለ አራት ጎማ ጉልበት ዴሊካዎች (የሚትሱቢሺ ሚኒባሶች) ትከራያላችሁ፤ ለ14 ሰው ሦስት ያስፈልጋል። በእግር ከሆነ 400 ሜትር ገደማ ሽቅብ፣ እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው የካዝቤክ ተራራን ጫፍ ይሸፍነዋል።

ከፍታ ያማል ብላችሁ አትስጉ፤ የምታድሩባቸው ቦታዎች ሁሉ ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። የሚያስቸግረው የመንገዱ ጥምዝምዝ ነው፤ መኪና የሚያዞረው ሰው ከፊት ይቀመጥ። መኪና ስትዋዋሉም የወንበሩን ቁጥር ብቻ አትጠይቁ፣ 14 ሻንጣ የት እንደሚገባ በፎቶ አስልኩ።

ጥያቄ ተጨማሪ | ስንቅ_ያዥ

እግዜር ይስጥልኝ። ኡሽጉሊ ወጣች። ታቴቭስ? የእጅ ሥራና የወይን ነገር ደግሞ «ጉብኝት» ብቻ ተብሎ ተጽፏል፤ ምን ብለን እንጠይቅ?

መልስ 3 | ካርታ_ዘርጊ

ታቴቭ ይቆይ፣ ግን ከዬሬቫን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አትሞክሩት፤ በአንድ ወገን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሪስ ማደር ያስፈለገው ለዚያ ነው። ከሃሊድዞር እስከ ገዳሙ የሚሄደው የገመድ መኪና 5,752 ሜትር ይረዝማል፤ የተከፈተው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ነው። ነፋስ ሲበረታ ይቆማል። ሹፌሩ ገደሉን በሚዞረው መንገድ ለመውረድ ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የእጅ ሥራውን በተመለከተ ሼኪ ላይ «ሼቤኬ (ከእንጨትና ከባለ ቀለም መስታወት የሚገጣጠም መስኮት) የሚሠራበት ቤት» ብላችሁ አስጽፉ። የኻኖቹን ቤተ መንግሥት ብቻ ካያችሁ የተጠናቀቀውን መስኮት አይታችሁ ትወጣላችሁ። ቁም ነገሩ ያለው ሠሪው ጥርስ የወጣላቸውን ቁርጥራጭ እንጨቶችና ባለ ቀለም መስታወቱን ያለ ምስማር፣ ያለ ሙጫ እርስ በርስ ሲያናክሳቸው ማየቱ ላይ ነው። አንዷ ቁራጭ ልኳን ከሳተች ቀጣዮቹ ሁሉ አይገጥሙም።

ካኬቲ ላይ ወይን መቅመስ ብቻ ከሆነ ሆቴልም ይቀመሳል። «ክቬቭሪ የሚሠራበት ቤትና ማራኒ (የወይን ጠጅ ቤት)» በሉ፤ ከቴላቪ አጠገብ ቫርዲሱባኒ መንደር ሸክላውን የሚሠሩ አሉ። ክቬቭሪ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የሚቀበር ትልቅ እንስራ ነው፤ ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል። ጭማቂው ከነልጣጩ፣ ከነፍሬው፣ አንዳንዴም ከነዘለላው እንጨት ገብቶ አምስት ስድስት ወር ይቆያል፤ ነጭ ወይኑ ወደ ቡናማ የሚያደላው ለዚህ ነው። ጋኑ በደንብ ካልታጠበ ወይኑ ይኮመጥጣል፤ አጣቢው የቼሪ ቅርፊት የታሰረበት ረጅም እንጨት ይዞ ሲፈትግ ማየት ከቅምሻው ይበልጣል። መስከረም መጨረሻ ላይ ከደረሳችሁ ርትቬሊ፣ ማለትም የወይን ለቀማው፣ ተጀምሮ ይሆናል።

መልስ 4 | ማኅሌት_ቋሚ

ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ ጾሙ ልጨምር፣ እዚህ ላይ ሰው ይምታታበታል።

የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን የኬልቄዶንን ጉባኤ (451) ያልተቀበለች እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። የጆርጂያ ደግሞ የተቀበለች ናት። ስለዚህ የተዋሕዶ ምእመን ትብሊሲ ላይ ይሳለማል፣ ያስቀድሳል እንጂ አይቆርብም፤ የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር በሆነችው ኤቺሚያድዚን ላይ ግን የእምነት አንድነት አለ፣ መቁረብ የሚፈልግ ቀድሞ ካህኑን ያነጋግር። የበዓላቱ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ፋሲካ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን የሚውለው በጆርጂያ ነው፤ አርመኖች በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ያከብራሉ። ልደትንም ጃንዋሪ 6 ከጥምቀት ጋር አንድ ላይ ያደርጉታል።

ጆርጂያ ውስጥ ሴት ተከናንባ፣ ቀሚስ ለብሳ ትገባለች፤ ሱሪ ለለበሰች በር ላይ የሚታሸረጥ ጨርቅ ይቀመጣል። ወንድ በቁምጣ አይገባም። አርመኒያ ይህን ያህል አያጠብቁም፤ ሲወጡ ግን ጀርባቸውን ለመንበሩ ሳይሰጡ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው፣ እናንተም ተከተሉ። በኾር ቪራፕ ገዳም ቅዱስ ጎርጎርዮስ ታስሮበታል ወደሚባለው ጉድጓድ የሚወርደው የብረት መሰላል ቀጥ ያለና ጠባብ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከላይ ይሳለም። የጌጋርድን ገዳም ከጋርኒ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ጋር በአንድ ቀን ጨርሱ። የብራና ቤቱ ማቴናዳራን እሁድና ሰኞ ዝግ ነው፤ የዬሬቫን ቀናችሁ በእነዚህ ላይ እንዳይወድቅ።

በጾም ቀን ጆርጂያ ላይ «ሳማርኽቮ» በሉ፤ የጾም ማለት ነው። ሎቢዮ (ባቄላ መሰል ቦሎቄ ወጥ)፣ ፕኻሊ (በዋልነት የተለወሰ የተከተፈ አትክልት)፣ በዋልነት የተሞላ ደበርጃን ሞልቷል። ጥንቃቄ፦ እነርሱ በአንዳንድ የጾም ቀን ዓሣ ስለሚበሉ «ያለ ዓሣ» ብላችሁ ጨምሩ፤ የራጫ አካባቢ ሎቢያኒም (ቦሎቄ የተሞላ ቂጣ) የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። አዘርባጃን ላይ የቅጠል ቁታብ (ቅጠል የተሞላ ስስ ቂጣ) የጾም ይመስላል፣ ሲወጣ ግን ቅቤ ይቀባል፤ ሳይቀባ እዘዙ። አርመኒያ «ፓሱጽ ቶልማ» በጥቅል ጎመን የተጠቀለለ የጥራጥሬ ምግብ ነው፤ ስሙ ራሱ የጾም ቶልማ ማለት ነው።

መልስ 5 | የደጋ_ሰው

ሁለት ነገር ረስቼ ነበር።

ከትብሊሲ ወደ አርመኒያ በሳዳኽሎ ስትሻገሩ ሁሉም ሰው ይወርዳል፣ ሻንጣውን ራሱ ይጎትታል፣ የመውጫ ማኅተም ያስመታል፣ የዴቤድ ወንዝን ድልድይ ተሻግሮ በአርመኒያ በኩል ባግራታሼን ላይ እንደገና ይሰለፋል። መኪናው ይሻገር ወይስ ሌላ ይጠብቃችሁ እንደሆነ ውሉ ላይ ይስፈር። ከዚያ የሃኽፓትና የሳናሂን ገዳማት በዲሊጃን መንገድ ላይ ስለሆኑ በዚያው ቀን ይታያሉ። ላሪ (የጆርጂያ ገንዘብ) የተረፈው እዚያው ጆርጂያ ይመንዝር፤ ማናትንም (የአዘርባጃን ገንዘብ) ቢሆን አርመኒያ ይዛችሁ አትግቡ። ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም፣ ሦስቱም አንድ ሰዓት ነው። ጆርጂያ ከ2026 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ ከጎብኚ የጤናና የአደጋ ዋስትና ትጠይቃለች፤ ወረቀቱ ታትሞ በእጅ ይያዝ።

አስጎብኚው በየአገሩ ይለወጣል፣ ታሪኩም አብሮ ይለወጣል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ላቫሽን (ስስ ቂጣ) በአርመኒያ ስም መዘገበ፤ በ2016 ደግሞ አዘርባጃን ከኢራን፣ ከካዛኽስታን፣ ከኪርጊስታንና ከቱርክ ጋር ሆና የቂጣ ጋገራውን ላቫሽን ጨምራ አስመዘገበች። «የማን ነው?» ብሎ ምጣድ ፊት የሚጠይቅ ሰው ካለ መኪና ውስጥ እያላችሁ አስጠንቅቁት። «እንዴት ነው የሚጋገረው?» ካለ ግን ሴቶቹ አጠገባቸው አስቀምጠው ሊጡን እጁ ላይ ያደርጉለታል።