በ1,000 ሚሜ ሐዲድ ላይ ለሚሄድ ባለ 10 ቶን ገልባጭ ፉርጎ፦ ፒኑ የት ይቀመጥ? ሲሊንደሩ ስንት ይሁን?

ጥያቄ (ካሶኒ ሠሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለድንጋይ ካባ የሚሆን፣ በግራም በቀኝም የሚገለብጥ ፉርጎ ንድፍ ላይ ነኝ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የምታውቁ ሰዎች ስሌቱን እንድታዩልኝ ፈልጌ ነው።

ሐዲዱ 1,000 ሚሜ ነው። የካሶኒው (ጭነቱ የሚቀመጥበት ሳጥን) የውስጥ ልክ 4 ሜትር ርዝመት፣ 1.8 ሜትር ወርድ፣ የስፖንዳው (የሚከፈተው የጎን መዝጊያ) ቁመት 70 ሴ.ሜ፤ ወደ 5 ሜትር ኩብ ይይዛል። በበጋ የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ፣ በክረምት ደግሞ ከካባው ላይ የሚገፈፈውን ጭቃማ አፈር ይጭናል። ባዶ ካሶኒው 2.5 ቶን፣ ሻንሲው (የታችኛው ተሸካሚ) ከነመንኮራኩሩ 4 ቶን ነው። ካሶኒው ሲገለበጥ የሚዞርባቸው ፒኖች ከሐዲዱ 1 ሜትር ከፍ ብለዋል፤ የካሶኒው ወለል ከፒኑ 10 ሴ.ሜ በላይ ነው። 45 ዲግሪ እንዲገለበጥ አስቤያለሁ። 7 ባር የሚሰጥ ኮምፕሬሰር አለ።

ፒኖቹን ከመሃል መስመሩ በግራና በቀኝ 75 ሴ.ሜ ላይ ያደረግኋቸው ጭነቱ ከሐዲዱ ርቆ እንዲወድቅ ብዬ ነው። ቦታው ልክ ነው? ሲሊንደሩ ስንት ዲያሜትር ይሁን? ስፖንዳውስ በራሱ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ምን ይደረግ?

መልስ (ሚዛን)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። 75 ሴ.ሜ አይሆንም፤ ከጭነቱ ጋር ፉርጎውም አብሮ ይገለበጣል። በቁጥር እንየው።

መጀመሪያ በ8 ቶን አታስላ። ደረቅ የተፈጨ ድንጋይ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን አካባቢ ነው፤ እርጥብ ጭቃ ግን 2 ቶን ሊደርስ ስለሚችል 10 ቶን ያዝ። በ1,000 ሚሜ ሐዲድ (የድሮው የኢትዮ-ጅቡቲ መስመርም ይኸው ነበር) ከአንዱ ሐዲድ ራስ መሃል እስከ ሌላው 1.06 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ፉርጎው የሚገለበጥበት መስመር ከመሃል 53 ሴ.ሜ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚያሰላው ጭነቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ ካሶኒው 45 ዲግሪ ሲደርስ ያለውን ሚዛን ነው። አደገኛው ግን እሱ አይደለም። አደገኛው ጭነቱ ወደ በሩ ተንሸራቶ ሳይወጣ ሲቀር ነው፤ አንድ ቋጥኝ በሩ ላይ ይሰነቀርና የቀረው ከኋላው ይከመራል። 10 ቶኑ ወለሉ ላይ 40 ሴ.ሜ ተንሸራቶ ቆመ እንበል። ፒኑ 75 ሴ.ሜ ላይ ከሆነ የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከመሃል 82 ሴ.ሜ ይርቃል፤ ከ53ቱ መስመር 29 ሴ.ሜ ያልፋል ማለት ነው፤ ይህ በ10 ቶን ሲባዛ 2.91 ቶን-ሜትር የሚገለብጥ ጉልበት ነው። የሚይዘው የሻንሲው 4 ቶንና የካሶኒው ክብደት ተደምሮ 2.45 ብቻ ነው። በለጥ ባለ፣ በተስተካከለ ሐዲድ ላይ እንኳ ይወድቃል ማለት ነው።

ፒኑን 50 ሴ.ሜ ላይ አድርገው። ያው ሁኔታ ሲደርስ የሚገለብጠው 2.18፣ የሚይዘው 2.64 ይሆናል። ይቆማል፤ ትርፉ ግን ትንሽ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በታች ደግሞ አትውረድ። የሙሉው ካሶኒ የክብደት ማዕከል ከፒኑ 41 ሴ.ሜ ገደማ ከፍ ይላል። ፒኑ ከመሃል ያለው ርቀት ከዚህ ካነሰ፣ ጭነቱ ከተጣበቀ ካሶኒው 45 ዲግሪ ሳይሞላ ሚዛኑን ያልፍና በራሱ ይወድቃል። 35 ሴ.ሜ ብታደርገው 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሲሊንደሩ መግፋቱን ያቆማል፤ ካሶኒው ሲሊንደሩን መጎተት ይጀምራል። በ50 ሴ.ሜ ግን እስከ መጨረሻው በራሱ ክብደት ወደ ቤቱ መመለስ ይፈልጋል፤ የምትፈልገውም ይኼንኑ ነው።

ስለ መውደቂያው አትስጋ። በ45 ዲግሪ የወለሉ ጠርዝ ከመሃል 85 ሴ.ሜ ይደርሳል። ስፖንዳው ወደ ታች ተከፍቶ የወለሉ ቅጥያ ከሆነ ደግሞ ሌላ 50 ሴ.ሜ ይጨምርልሃል፤ ጭነቱ ከሐዲዱ 80 ሴ.ሜ ያህል ርቆ ይወርዳል። ጭነቱን የሚያርቀው የፒኑ ቦታ ሳይሆን ስፖንዳው ነው።

መልስ (የአየር መስመር)

በ50 ሴ.ሜው ተስማምቼ ሲሊንደሩን ላስላ።

ወደ ቀኝ ለመገልበጥ የሚገፋው የግራ ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሮቹን ከመሃል 60 ሴ.ሜ ላይ ብታስቀምጥ እስከ ተቃራኒው ፒን 1.1 ሜትር ክንድ ታገኛለህ። 12.5 ቶን ካሶኒና ጭነት ለማስነሳት 56 ኪሎ ኒውተን ይበቃል፤ በአንድ ወገን ሁለት ሲሊንደር ስለሚሆን ለእያንዳንዱ 28። ለፍትጊያና ወደ አንድ ጫፍ ላጋደለ ጭነት 35 በመቶ ጨምርበት፤ 38 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ 7 ባር ቢሰጥም ሲሊንደሩ ጋ 5.5 ባር እንደሚደርስ ቁጠር። ዲያሜትሩ 295 ሚሜ ይመጣል፤ 300 ውሰድ።

ችግሩ ርዝመቱ ነው። እስከ 45 ዲግሪ ለመድረስ 85 ሴ.ሜ ያህል መውጣት አለበት፤ ከካሶኒው ሥር ግን ያን ያህል የሚወጣ ባለ አንድ ደረጃ ሲሊንደር የሚቆምበት ቦታ የለም። ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ ቴሌስኮፒክ (አንዱ ከሌላው ውስጥ እየወጣ የሚረዝም) ይሁን፦ የመጀመሪያው 300፣ ሁለተኛው 250 ሚሜ፣ እያንዳንዱ 42 ሴ.ሜ የሚወጣ። ሁለተኛው መቅጠኑ አያሳስብህ፤ ካሶኒው 22 ዲግሪ ሲደርስ የሚያስፈልገው ጉልበት ለአንዱ ሲሊንደር 25 ኪሎ ኒውተን ወርዷል፣ 250ው ደግሞ 27 ይሰጣል። ትልልቆቹ የሶቪየት ዱምፕካሮችም (ገልባጭ ፉርጎዎች) ቴሌስኮፒክ የአየር ሲሊንደር ነው የሚጠቀሙት።

ለአንድ ግልበጣ ሁለቱ ሲሊንደሮች 100 ሊትር ቦታ ይሞላሉ፤ ይህ 650 ሊትር ነፃ አየር (ሳይታመቅ የሚለካ) ነው። ከ7 ወደ 5.5 ባር እየወረደ ይህን ለመስጠት 450 ሊትር ታንክ ፉርጎው ላይ ያስፈልጋል። በደቂቃ 1 ሜትር ኩብ የሚሰጥ ኮምፕሬሰር በ40 ሰከንድ አካባቢ መልሶ ይሞላዋል።

ይህን አየር ከፍሬን መስመሩ በጭራሽ አትውሰድ። የፍሬን ቱቦው ግፊት ሲወርድ ፍሬን ይይዛል፤ በዚያ ላይ የፍሬኑን መጠባበቂያ አየር ትጨርሳለህ። የተለየ ቱቦ ዘርጋ፤ መጋጠሚያዎቹ ከፍሬኑ ጋር እንዳይገጥሙ መጠናቸው ይለያይ። ወደ ሁለቱ ሲሊንደሮች የሚሄደው ቱቦ ከመሃል ተከፍሎ እኩል ርዝመት ይኑረው፤ አለበለዚያ አንደኛው ጫፍ ቀድሞ ይነሳና ካሶኒው ይጠመዘዛል። የሲሊንደሩ ከላይና ከታች መያዣም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚወዛወዝ ይሁን፤ ድርቅ ብሎ የታሰረ ሲሊንደር አየር እንዳያመልጥ የሚይዘውን የውስጥ ጎማ በአንድ ወገን ይበላል።

ካሶኒ ሠሪ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ግልጽ ሆነልኝ። ግን በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ፒን ከማድረግ መሃል ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ብናደርግ ሥራው አይቀልም? ትንንሾቹ የማዕድን ፉርጎዎች እንደዚያ ናቸው።

መልስ (መክፈቻና መቆለፊያ)

ለትንሾቹ ልክ ነው። በ600 ሚሜ ሐዲድ ላይ የሚሄዱት የዴኮቪል ዓይነት ፉርጎዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ኩብ አይበልጡም፤ የክብደት ማዕከላቸው ከመሽከርከሪያው በላይ ስለሆነ መቆለፊያው ሲለቀቅ ሰው በእጁ ገፍቶ ይገለብጣቸዋል። በ10 ቶን ያ ባህርይ አደጋ ነው። ካሶኒውን ቀጥ አድርጎ የያዘው መቆለፊያው ብቻ ይሆናል፤ እሱ በጉዞ ላይ ከለቀቀ የሚያስቆመው ነገር የለም። በሁለት ወገን ፒን ላይ የተቀመጠ ካሶኒ ግን ሳይነኩት በራሱ ይቀመጣል።

የፒኑ መቀመጫ ከላይ ክፍት ይሁን፤ ወደ ቀኝ ሲገለበጥ የግራዎቹ ፒኖች ከመቀመጫቸው ተነስተው ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ወገን ፒኑን ከላይ የሚይዝ መንጠቆ ይኑር። ወደ ቀኝ ስትገለብጥ የግራው መንጠቆ ይለቃል፣ የቀኙ ይይዛል። ሁለቱን መንጠቆዎች በአንድ ዘንግ አገናኛቸው፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው መከፈት እንዳይችል። ሁለቱም ቢለቁ ካሶኒው ከሻንሲው ይንሸራተታል። መንጠቆውን የሚዘጋው ሞላ ይሁን፣ የሚከፍተው አየር። አየር ከጠፋ ተቆልፎ መቅረት አለበት።

የፒኑ ዲያሜትር 80 ሚሜ፣ የመቀመጫው ስፋት 100 ሚሜ ይበቃል። ክፍት መቀመጫ ግራሶ አይዝም፣ የድንጋይ ዱቄት ይይዛል፤ ከላዩ የላሜራ መከለያ አድርግለት።

ስፖንዳው ከሥሩ በወለሉ ጠርዝ ላይ በማጠፊያ ይታሰር። በሁለቱ ጫፎች ላይ ከስፖንዳው ክንድ ወደ ሻንሲው የሚወርድ ዘንግ ይኑር። ካሶኒው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ዘንጉ ስፖንዳውን ቀጥ አድርጎ ይደግፈዋል፤ ወደዚያው ወገን ሲያዘነብል ድጋፉ እየራቀ ስፖንዳው ይከፈታል፤ ሲመለስ ዘንጉ መልሶ ይዘጋዋል። የዘንጉን ርዝመት በዳዶ የሚስተካከል አድርገው። ስፖንዳው 30 ዲግሪ ላይ ከወለሉ ጋር መስመር ይያዝ፤ እስከ 45 የሚጠብቅ ከሆነ ሚዛን ቀደም ብሎ የነገረህን ክምር ራስህ ትፈጥራለህ። የተቃራኒው ወገን ስፖንዳ በዚህ ጊዜ ተዘግቶ እንዲቀር ካሶኒው ላይ የራሱ መያዣ ያስፈልገዋል።

መልስ (የጉድጓድ መሐንዲስ)

ወደ አየር ሲሊንደር ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡበት። ጭነቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚደፋ ከሆነ የግራንቢ ዓይነት ይበቃዎታል፦ ከካሶኒው ጎን አንድ ትንሽ መንኮራኩር ይወጣል፤ መደፊያው ጋ ከሐዲዱ ጎን ከፍ እያለ የሚሄድ መወጣጫ ይሠራል፤ ባቡሩ ሲጎትት መንኮራኩሩ እየወጣ ካሶኒውን ያጋድለዋል። ሲሊንደርም ታንክም የለውም። ግን የሚገለብጠው በአንድ ጎን ብቻ ነው። በአሜሪካ የፓውደር ሪቨር ከሰልና በአውስትራሊያ የፒልባራ ብረት መስመሮች ላይ የሚታየው፣ ፉርጎውን ከነሐዲዱ የሚያሽከረክረው ማሽን ደግሞ ለረጃጅም ባቡሮች ነው፤ ለእርስዎ ካባ ዋጋው አይገናኝም። መደፊያዎ የሚቀያየር ከሆነ የጀመሩትን ይቀጥሉ።

መልስ (ሚዛን)

አሁን ወዳልኩት ትርፍ። በ50 ሴ.ሜ የቀረን 0.46 ቶን-ሜትር ነው። የመደፊያው ጎን ሐዲድ ከሌላው 24 ሚሜ ዝቅ ካለ ይህ ሁሉ ያልቃል። 24 ሚሜ ለካባ ሐዲድ ምንም አይደለም፤ መደፊያ ጋ አፈሩ በየጊዜው ስለሚሰምጥ ዝናብ ከመታው ከዚያም ይብሳል።

ይህን ትርፍ የሚበላው ሁለተኛው ሌባ የመንኮራኩሩ ሞላ ነው። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ የዚያ ወገን ሞላ 30 ሚሜ ከሰመጠ ውጤቱ ሐዲዱ እንደሰመጠ ነው። ሻንሲው ከመንኮራኩሩ ሳጥን በላይ የብረት መቆሚያ ይኑረው፤ ሙሉ ጭነት ሲቀመጥበት ከ8 እስከ 10 ሚሜ ብቻ ክፍተት ይቅር።

ስለዚህ ሻንሲው ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ በመሃል መስመሩ 1.5 ቶን ማክበጃ ጨምር፤ የተቆረጠ አሮጌ ሐዲድ ይሆናል። ትርፉ ከ0.46 ወደ 1.26 ይወጣል፤ ሐዲዱ 50 ሚሜ ቢያጋድል እንኳ 0.27 ይቀርሃል። ሙሉው ክብደት 18 ቶን፣ በአንድ አክስል 9 ቶን ይሆናል፤ ሐዲዱና ተሸካሚው ይህን መቻሉን አረጋግጥ። በዚህም ላይ መደፊያው ጋ ተቃራኒውን ወገን ከሐዲዱ ጋር የሚይዝ መቆንጠጫ አድርግ፤ ኦፕሬተሩ በየቀኑ ሐዲዱን በውሃ ልክ ይለካ፣ ከ15 ሚሜ በላይ ወደ መደፊያው ያጋደለ ቦታ ላይ አይገልብጥ።

ካሶኒ ሠሪ

ጋሼ፣ ማክበጃውን አስገብቻለሁ። የቀረኝ ጭቃው ነው፤ 45 ዲግሪ ይበቃዋል? ሲጨርስስ እንዴት ልሞክረው?

መልስ (የአየር መስመር)

ለድንጋይ 45 ይበቃል። ጭቃ ማዕዘን በመጨመር ብቻ አይለቅም። የካሶኒው ውስጥ ምንም አንጎላሬ ወይም የብየዳ ጉብታ አይኑረው፤ ማጠናከሪያው ሁሉ ከውጭ ይሁን። የወለሉና የጫፍ ግድግዳው ማዕዘን በታጠፈ ላሜራ ክብ ይደረግ፤ ጭቃ መጣበቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወለሉ 12 ሚሜ ይሁን፤ ከሥሩ በሁለት ላሜራ መካከል የጠንካራ እንጨት ትራስ ቢገባበት የቋጥኝ ምት ፒኑ ጋ አይደርስም። ፕላስቲክ ምንጣፍ ለጭቃ ጥሩ ነው፤ ድንጋይም የምትጭን ከሆነ ግን አይቆይልህም።

አየር ልክ እንደ ብረት ሞላ ይታመቃል። የተጣበቀው ጭነት ድንገት ሲለቅ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ካሶኒው ወደ መቆሚያው ይወረወራል። የመግቢያውን ቫልቭ አጥብበው፣ ለመነሳት 20 ሰከንድ ያህል ይውሰድ፤ መቆሚያው ላይ ወፍራም ጎማ አድርግ። ካሶኒው 45 ላይ ቆሞ ጭነቱ ካልወረደ አየሩን አትጨምር፤ አውርደውና ጭነቱን በመቆፈሪያ ማሽን አስነቅለው፤ ሰው ከሥሩ አይግባ።

ለሙከራው፣ ሲሊንደሮቹንና ታንኩን መጀመሪያ በውሃ 10.5 ባር ሞክር፤ በአየር አይሞከርም፣ ከፈነዳ ይገድላል። ከዚያ ባዶውን በሁለቱም ወገን ገልብጥ። ቀጥሎ ተቃራኒውን ወገን በሰንሰለት ከሐዲዱ ጋር እሰር፣ ሰንሰለቱ 5 ሴ.ሜ ይላላ። በዚያ ወገን መንኮራኩርና በሐዲዱ መካከል ቀጭን ላሜራ አስገባ። ካሶኒውን 45 ላይ አቁመህ በተከፈተው ስፖንዳ ላይ በክሬን ከ1 ቶን ጀምሮ እስከ 4 ቶን ክብደት ጨምር። በእያንዳንዱ ጭማሪ ላሜራውን ረጅም ሽቦ አስረህ ከሩቅ ሳበው። ከ4 ቶን በፊት ከወጣ መንኮራኩሩ ክብደት አጥቷል፤ ማክበጃው አልበቃም፣ ወይም የሞላው መቆሚያ ክፍተት ሰፍቷል።