ጎጃም ተቀምጦ በታክስና በአስተዳደር ሕግ መኖር ይቻላል ወይ?

ማርቆስ ዙሪያ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። የሕግ ዲግሪ ይዞ የመውጫ ፈተናውንም ያለፈ፣ ደብረ ማርቆስ የሚኖር ሰው ሥራዬን ታክስና አስተዳደር ሕግ ላይ ብቻ ላድርግ ቢል ሙያው ያበላዋል? ግልጽ ያልሆነልኝ ይህ ነው፦ መነሻው የትኛው ይሻላል፣ ገቢዎች፣ ፍትሕ ወይስ ጠበቃ ቢሮ? የግብር ክርክር በተግባር በየት በየት ያልፋል፣ ጠበቃ የሚያስፈልገውስ የቱ ላይ ነው? ደንበኛውስ ማን ነው? «አዲስ አበባ ካልገባህ ታክስ የለም» የሚሉ አሉ። («የግብርና የአስተዳደር ሕግ» ብዬ ያልጻፍኩት እርሻ እንዳይመስላችሁ ነው።)

ዝክረ ሕግ አንባቢ
ከክርክሩ መንገድ ልጀምር፤ ሌላው መልስ ከእሱ ይወጣል።

በፌደራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበት 21 ቀን አለው። በቂ ምክንያት ካለው በጽሑፍ ጠይቆ እስከ 10 ቀን ሊጨመርለት ይችላል። ያላከራከረውን የግብር ክፍል መክፈል አለበት፤ ቅሬታውም ምክንያቱን ለይቶ፣ የትኛው አኃዝ በምን ያህል መታረም እንዳለበት መግለጽ አለበት። «ግብሩ ስለበዛብኝ ይታይልኝ» የሚል ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ቅሬታ አይደለም። ብዙ ነጋዴ ግን ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ የሚያስጽፈው ይህንኑ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ወስኖ መልስ ከሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይኬዳል። 180 ቀን ሙሉ ሳይወስን ዝም ካለ፣ 180ው ካለቀ ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት መሄድ ይቻላል። እዚህ በር ላይ ግን ከሚከራከሩበት ግብር 50 በመቶ ካልተከፈለ ይግባኙ እንደቀረበ አይቆጠርም። ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሌላ 30 ቀን አለ፤ እዚያ ማስያዣው 75 በመቶ ይሆናል። ክርክሩ በ400,000 ብር ላይ ከሆነ መጀመሪያ 200,000፣ ቀጥሎ ተጨማሪ 100,000 ብር ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ደግሞ በግብር ከፋዩ ላይ ነው። ስለዚህ ቅሬታው ላይ ያልገባ ሰነድ በኋላ በጠበቃ አንደበት አይድንም። ጠበቃ የሚያስፈልገው በእነዚያ 21 ቀናት ነው፤ ደንበኛው የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ25ኛው ቀን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የግለሰብ ነጋዴ የንግድ ትርፍ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የክልል ነው። የማርቆስ እህል ነጋዴ ጉዳይ በክልሉ አዋጅ ይመራል ማለት ነው። የክልሉ ሕግ ቅርጹ ከፌደራሉ ጋር ቢመሳሰልም ቀኑንና መቶኛውን የክልሉ ሕግ ከሚታወጅበት ከዝክረ ሕግ ጋዜጣ ላይ፣ ማሻሻያዎቹን ጨምረህ ካላነበብህ አትጻፍ። በፌደራል አንቀጽ የተሞላ የክልል ቅሬታ መርማሪው ገና ሲገልጠው ጸሐፊው ሕጉን እንደማያውቅ ይናገራል።

ቫውቸር
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን 21ዱ ቀን በምን እንደሚሞላ ላሳይህ።

ጎጃም ላይ የሚገጥምህ የኦዲት ግኝት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኦዲተሩ የባንክ እንቅስቃሴውን አይቶ ገቢ የሆነውን ሁሉ ሽያጭ ሲያደርገው ነው። የቢቸና ወይም የደጀን ጤፍ ነጋዴ ሒሳብ ውስጥ ግን እቁብ ይገባል፣ ከዘመድ ብድር ይገባል፣ አዲስ አበባ ያለ ገዥ «ግዛልኝ» ብሎ የላከው ገንዘብም ይገባል። የጠበቃው ሥራ ሰንጠረዥ መሥራት ነው፦ ቀን፣ መጠን፣ ላኪ፣ የገንዘቡ ምንነት፣ ማስረጃ። ለእቁብ የሰብሳቢው መዝገብ ቅጂ፣ ለብድር ውሉና የተመለሰበት የባንክ ወረቀት፣ ለውክልና ግዥ ውሉና ገዥው ዘንድ ያለው መዝገብ። ማስረጃ ያላገኘህለትን መስመር አታከራክር፤ አንድ የፈጠራ መስመር ሌሎቹን ሃያ ትክክለኛ መስመሮች ይዞ ይወድቃል።

ሁለተኛው ወጪ ሲወድቅ ነው። ገበሬ ደረሰኝ አይቆርጥም። ነጋዴው የግዥ ቫውቸር ሳያዘጋጅ፣ የሻጩን ስም፣ ቀበሌና ፊርማ ሳይዝ ከገዛ፣ ጤፉ በእርግጥ ቢገዛም በመዝገብ አልተገዛም። ያን ጊዜ ግብሩ በትርፉ ላይ መሆኑ ይቀርና በሽያጩ ላይ የተጣለ ያህል ይሆናል። ተቋራጭ ደንበኛ ካለህ ደግሞ ከክፍያው ላይ የተቀነሰበትን ቅድመ ግብር ደረሰኝ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞርህ አስወጣ፤ ደረሰኙ ከሌለ ከግብሩ አይቀነስለትም።

ቀን አቆጣጠር ላይም ተጠንቀቅ። ማስታወቂያውን የሱቅ ሠራተኛ ፈርሞ ተቀብሎ ይሆናል፤ ባለቤቱ «ትናንት ነው ያየሁት» ቢል አይረዳውም። መጀመሪያ የመረካከቢያ ፊርማውን ቅጂ ጠይቅ። ቅሬታህን ስታስገባም መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም በቅጂህ ላይ ሳታስመታ አትውጣ።

ለመነሻው ጥያቄ የእኔ ፍርድ፦ ገቢዎች ሁለት ሦስት ዓመት። ሕግ ክፍሉን ሳይሆን ኦዲትና ግብር ውሳኔ ያለበትን ወንበር ጠጋ በል። ዴቢትና ክሬዲት የማያነብ የታክስ ጠበቃ መጽሐፍ የማያነብ ዲያቆን ነው።

አባይ ማዶ
ቫውቸር ዲያቆኑን ተወው! በመነሻው ጉዳይ ግን አልስማማም። ገቢዎች የገባ ሰው ታክስን ያውቃል፣ ክርክርን አያውቅም። ፍትሕ ገብቶ በፍትሐ ብሔር ዐቃቤ ሕግነት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተከራከረ ሰው ግን መሥሪያ ቤት በምን እንደሚሸነፍ ያያል። ዐቃቤ ሕግ ሆነህ ጥብቅና እንደማይቻል አትርሳ፤ ፈቃዱ የሚወጣው ከወጣህ በኋላ ነው።

ደግሞ ሁላችሁም ታክስ ላይ ቀራችሁ። በዞን ከተማ የዕለት እንጀራው አስተዳደር ሕግ ነው፦ የመንግሥት ሠራተኛ ዲሲፕሊን፣ የንግድ ፈቃድ መታገድ፣ የመሬት ካሳ። ዲሲፕሊን ላይ መጀመሪያ የምትጠይቀው የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ነው። ክሱ ቀንና ቦታ አለው? ሠራተኛው መልስ እንዲሰጥ ተጠርቷል? የተፈረመው ስንት አባል ተገኝቶ ነው? በአስተዳደር ፍርድ ቤት ብዙ ውሳኔ የሚፈርሰው ጥፋቱ ስለሌለ ሳይሆን እነዚህ ስለተዘለሉ ነው። የመሬት ካሳ ደግሞ በአዋጅ 1161/2011 መሠረት መጀመሪያ ወደ አቤቱታ ሰሚው አካል፣ ከዚያ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤው ይሄዳል፤ እነሱን ዘሎ ፍርድ ቤት የገባ ፋይል «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ይመለሳል። ያን ጊዜ የይግባኙ ቀን አልፏል።

ሌላ የተለመደ ስህተት፦ የፌደራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ላይ መጥቀስ። ስሙ እንደሚለው ለፌደራል ተቋማት ነው። ወረዳው ላይ የራሱን ደንብና መመሪያ፣ የማቋቋሚያ አዋጁንና ሕገ መንግሥቱን ይዘህ ነው የምትሄደው።

ማርቆስ ዙሪያ
በጣም አመሰግናለሁ። ጠበቃ ሆኖ ለነጋዴዎች ዓመታዊ የግብር ማሳወቂያ እየሞሉ ማስከፈልስ? ብዙ ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። አዲስ አበባ ካልገባህ የሚለውስ?

ዝክረ ሕግ አንባቢ
ማሳወቂያ እየሞሉ ማስከፈል የታክስ ወኪል ሥራ ነው፤ የራሱ ፈቃድ አለው። ቅሬታ መጻፍ፣ ማማከርና መወከል ላይ ቆይ፤ ለማሳወቂያው ፈቃድ ካለው የሒሳብ ባለሙያ ጋር ተጣመር። እሱ ማሳወቂያ ሲሞላ ችግሩን ቀድሞ ስለሚያይ ደንበኛ በ25ኛው ሳይሆን በ3ኛው ቀን ይልክልሃል።

አዲስ አበባን በተመለከተ፦ የፌደራሉ ኮሚሽን እዚያ ስለሆነ ለፌደራል ግብር ከፋይ ድርጅት 300 ኪሎ ሜትር ያህል መመላለስ አይቀርም፤ የጉዞውን ወጪ ከጥብቅና ክፍያህ ለይተህ ውሉ ላይ ጻፍ። የግለሰብ ነጋዴውና የአስተዳደር ጉዳዩ ግን ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር ያልቃል። በየፋይሉ ከመጠበቅ ይልቅ ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ከሆቴሎችና ከተቋራጮች ጋር የወር ክፍያ ያለው የማማከር ውል ፈልግ። ውሉ ላይ «ማንኛውም ከገቢዎች የመጣ ደብዳቤ በደረሰ በ2 ቀን ውስጥ ለጠበቃው ይሰጣል» የሚል አንቀጽ አስገባ።

ቫውቸር
2 ቀን አይደለም፣ በዚያው ቀን በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ በል።