ስልኬ ጀርባው አብጦ ተነሣ፣ ጨረሩ ልጄን ጎድቷት ይሆን? ቶሎ መልሱልኝ

የማሚ እናት፦
እባካችሁ ያላችሁ መልሱልኝ። ስልኬ ጀርባው አብጦ ከቨሩን ገፍቶታል። ስክሪኑም በአንድ በኩል ተነሥቶ በስንጥቁ ብርሃን ይታያል። እንደ እሳት ይግላል። ማታ ትራስጌዬ ነው የማሳድረው፣ የስምንት ወር ልጄም አጠገቤ ነው የምትተኛው። እናቴ «ስንቴ ነገርኩሽ፣ ጨረሩ ነው፣ ካንሰር ነው የሚያመጣው» ብላ ልጄን ይዛ ሌላ ክፍል ገባች። ሐኪም ቤት ልውሰዳት?

ፈጣኑ፦
አጥፍተሽ አብሪው። የኔ እንደዛ ሲል ሪስታርት ነው የማደርገው።

ጋሽ ታዛቢ፦
ልጄ፣ እናትሽን ስሚ። በእኛ ጊዜ ስልክ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር፣ ሰውም በጊዜ ይተኛ ነበር። አሁን ከባልም ከሚስትም በፊት ትራስ የሚጋራው ስልክ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የስልክን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት መድቦታል። ይኼ የኔ ወሬ አይደለም።

ቀልደኛው፦
እንደ እሳት የሚግል ከሆነ ቡና አፍዪበት እንጂ።

ለምን ተብሎ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን የጠቀሱት ምድብ 2ቢ የሚባለው ነው። ማስረጃው ውስን ነው ማለት እንጂ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ከሙሉ የእሬት ቅጠል የሚወጣው ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ደግሞ እህታችን፣ ጥያቄሽ ራሱ ተሳስቷል። ጨረር ስልክ አያሳብጥም፣ የሚያሳብጠው ባትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳምሰንግ ኖት 7 የሚባለውን ስልኩን ከገበያ የሰበሰበው ባትሪው እየተቃጠለ ስላስቸገረ ነው።

ፈጣኑ፦
ሪስታርት ሞከርሽ?

ሰላም በቤቱ፦
ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው፣ ይበርዳል።

ባትሪ ቀያሪው፦
ፍሪጅ አይሆንም፣ እርጥበት ይገባበታል። እህት፣ አሁን በምንድነው የምትጽፊው?

የማሚ እናት፦
በእሱው ነው። ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።

ቀልደኛው፦
ኧረ በስመ አብ!

ባትሪ ቀያሪው፦
ንቀዪው! አሁኑኑ። ይቺን አንብበሽ አጥፊው፣ እንደገናም እንዳታበሪው። ያበጠው ባትሪው ነው፣ ውስጡ ጋዝ ሞልቷል። ጀርባውን ተጭነሽ ልመልሰው እንዳትዪ፣ በመርፌም እንዳትወጊው፣ ይቀጣጠላል። ሲምሽን በቀስታ አውጪ፤ እምቢ ካለሽ ተዪው። ስልኩን ከአልጋና ከመጋረጃ አርቀሽ ሴራሚክ ላይ አሳድሪው። ጭስ ካየሽ ወይ የሚከረፋ ሽታ ካለው አትንኪው፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። ጠዋት ጥገና ቤት አድርሺው፣ ስክሪኑ ካልተሰበረ ባትሪ ብቻ ነው የሚቀየረው። አሮጌውን ባትሪ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣዪው፣ እዚያው ተዪላቸው።

ነርሷ፦
ልጅቷ እየጠባችና እየተጫወተች ከሆነ ለጨረር ብለሽ ሐኪም ቤት አትሩጪ። የስልክ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ አይደለም፣ የሴልን ዘረመል የሚሰብር ጉልበት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራውና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ግምገማ 63 ጥናቶችን አይቶ በስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ጭስ ተንፍሳ ካሳለች ግን ያ ሌላ ነው፣ ወዲያው ውሰጃት። እናትሽንም አትቆጫት፣ ምክንያቷን ሳተች እንጂ ልጅቷን ከዚያ ክፍል ማውጣቷ ትክክል ነው።

ጋሽ ታዛቢ፦
እኔስ ምን አልኩ? ከትራስ ይራቅ ነው ያልኩት።

ነርሷ፦
እሱስ ልክ ነዎት ጋሼ። ለመኝታም ለእሳትም ራቅ ማለቱ ይሻላል። ሞገዱን የሚፈራ ካለም በስፒከር ወይ በኢርፎን ያውራ። ኔትወርክ አንዲት መስመር ስትሆን ደግሞ ስልኩ ጉልበት ጨምሮ ስለሚልክ ያኔ ወሬ ማሳጠር ነው።

የማሚ እናት፦
ነቅዬዋለሁ። ነገ ጠዋት ሥራ ቦታ ይደውሉልኛል፣ ሌላ ስልክ የለኝም፣ ምን ላድ

ቀልደኛው፦
ሲሙን የእናትሽ በተን ስልክ ላይ ክተቺው። ጨረር የሚፈሩት እሳቸውም ስልክ አላቸው አይደል?

ባትሪ ቀያሪው፦
እህት፣ ከምን ደረስሽ?

ባትሪ ቀያሪው፦
ነጋ እኮ። ባትሪው ተቀየረ?

ለምን ተብሎ፦
ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ነው የጠፋችው። አጥፍታዋለች ማለት ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው።

ፈጣኑ፦
ወይ ሪስታርት እያደረገችው ነው።