የድመቴ ፀጉር ቤቱን ሞላው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቤት የማትወጣ ድመት አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው፣ ፀጉሯ አጭር ነው። ሰሞኑን ግን መርገፉ ባሰ። ሶፋው፣ አልጋው፣ የምጠጣው ውሃ ላይ ሳይቀር አገኘዋለሁ፤ ጥቁር ልብስማ መልበስ ትቻለሁ። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ የታመመች አትመስልም። አንዷ ጓደኛዬ በየሳምንቱ እጠቢያት ትለኛለች፣ ሌላዋ ላጪያት ትላለች። የቷን ልስማ?

ባለ ሦስት ድመት፦ ሁለቱንም አትስሚ! ቶሎ ቶሎ ስትታጠብ ቆዳዋ ይደርቅና ጭራሽ ይብሳል፣ የሰው ሻምፑ ከሆነ ደግሞ አይነሳ። ብትላጭም መርገፉ አይቀርም፣ አጭር ፀጉር ይረግፋል እንጂ። አብጥሪያት። ለአጭር ፀጉር በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል፣ ረጅም ቢሆን በየቀኑ ነበር። የጎማ ማበጠሪያ ያዢ፣ ከራሷ ወደ ጭራዋ በፀጉሯ አቅጣጫ ሳብ አድርጊ። ጭራዋን ማወራጨት ከጀመረች በቃኝ ማለቷ ነው፣ አትታገያት። ያበጠርሽውን ያህል ልሳ አትውጥም፤ የፀጉር ኳስ ማስታወኩም ይቀንሳል።

ዝም ባይ፦ የእኔም እንደዚሁ ናት። ግን ለምንድነው ዓመቱን ሙሉ የሚረግፈው? ወቅት አለው ሲባል ነበር የምሰማው።

እንስሳት ክሊኒክ የምሠራ፦ ወቅቱን የሚነግራቸው በዋናነት ብርሃን ነው። ውጭ የሚውል ድመት ቀኑ ሲረዝምና ሲያጥር ሰውነቱ ያውቀዋል፣ ፀጉሩንም በዚያው ይቀይራል። ቤት ውስጥ ግን ማታም መብራት አለ፣ ሙቀቱም ብዙ አይለዋወጥም፣ ስለዚህ በአንዴ ከመርገፍ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ጠያቂዋ፣ የፀጉሩን ብዛት ተይውና ቆዳዋን እይ። ፀጉሯን ገለጥ ገለጥ እያደረግሽ መላጣ ቦታ፣ ቅርፊት፣ መቅላት ካለ ፈልጊ። ማበጠሪያው ላይ ጥቁር ብናኝ ካገኘሽ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፊው። ቡናማ ቀይ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው።

ባለ ሦስት ድመት፦ ቁንጫ ከሆነ ደግሞ የውሻ መድኃኒት እንዳትቀቢያት!! ብዙዎቹ ፐርሜትሪን አለባቸው፣ ድመት ይገድላል።

ጠያቂ፦ አሁን አየኋት። ሶፍቱ ላይ ምንም የለም፣ ጀርባዋም ደህና ነው። ሆዷና የኋላ እግሮቿ ውስጠኛው በኩል ግን ሳስቷል፣ ስነካው ሻካራ ነው። ባለፈው ወር ሌላ ትንሽ ድመት አምጥተናል፣ ተናዳ ይሆን?

እንስሳት ክሊኒክ የምሠራ፦ ጥሩ አየሽ። በራሱ የረገፈ ፀጉር ቦታው ላይ ሻካራ አይተውም። ያ በምላስ የተቆረጠ ፀጉር ነው፣ አብዝታ እየላሰች ነው ማለት ነው። ድመቶች ተደብቀውም ስለሚልሱ ላታይያት ትችያለሽ። ጭንቀት ሊሆን ይችላል፣ ግን ከእሱ አትጀምሪ። አለርጂ፣ ከፊኛ የሚመጣ ሕመም፣ ቁንጫም ሊሆን ይችላል፤ ላሳ ስለምትውጠው ቁንጫው ላይገኝ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ፀጉሩን በማይክሮስኮፕ አይተው ተቆርጦ ነው ወይስ ከሥሩ ወጥቶ ይለዩታል። እስከዚያው የሁለቱን የምግብ ሳህንና የመጸዳጃ ሳጥን ለያዪ። ክብ መላጣ ብታዪ ግን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችልና ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ ቶሎ አሳያት።

ዝም ባይ፦ የዓሣ ዘይት ምግቧ ላይ ብትጨምርላትስ? ለእኔዋ ረድቷታል።

እንስሳት ክሊኒክ የምሠራ፦ ለአንዳንዶቹ ይረዳል፣ ግን መጠኑን ሐኪሙ ይንገራት፣ ሲበዛ ያስቀምጣል። ቅባት ከመጨመር በፊት ግን ዋና ምግቧ በቂ ፕሮቲን እንዳለው ትይ።

ጠያቂ፦ ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ። እሺ ሶፋውንስ ምን ላድርገው? ቫኪዩሙ ግማሹን ትቶት ይሄዳል።

ባለ ሦስት ድመት፦ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት አጥልቂ፣ ትንሽ አርጥቢውና በአንድ አቅጣጫ ጥረጊው። ፀጉሩ ተጠቅልሎ ይመጣልሻል፣ ከዚያ ቫኪዩም አድርጊ። ተወዳጅ ቦታዋ ላይ ደግሞ ቶሎ የሚታጠብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ እኔን የገላገለኝ እሱ ነው።

ጠያቂ፦ ጓንቱ ሠራ! ሐኪሙ ያለውን ነገ እጽፍላችኋለሁ።