አስቂኝ አጫጭር ፊልሞችና ፓሮዲዎች ከየት ይገኛሉ? (ለኮሚናል ቤት የእሁድ ማታ ፕሮግራም)

የኮዬዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በብሎካችን ኮሚናል ቤት እሁድ እሁድ ማታ ለነዋሪው አጫጭር አስቂኝ ፊልሞች በፕሮጀክተር ልናሳይ አስበናል። ከሕፃን እስከ አያት አንድ ላይ ስለሚቀመጥ ስድብም ብልግናም ያለበት አይሆንም። ጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል።

ችግራችን ፍለጋው ነው። ዩቲዩብ ላይ «አስቂኝ ቪዲዮ» ብሎ ለጻፈ ሰው የሚመጣለት ፕራንክ፣ ሰው ሲወድቅ የሚያሳይ ቅንጥብጣቢ፣ አለዚያም ርዕሱና ውስጡ የማይተዋወቅ ነገር ነው። ተጽፎና ተጠንቶ የተሠራውን እንዴት ነው የምትለዩት? ዘፈንና ማስታወቂያ እያስመሰሉ የሚቀልዱትን ፓሮዲዎችስ? በዚያ ላይ ማታ ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ በቀጥታ ማሳየት አይሆንም፤ ቀድሞ ማውረድ የግድ ነው።

ለቡ_ማዞሪያ

እህቴ፣ መጀመሪያ «አስቂኝ» የሚለውን ቃል ከፍለጋሽ አውጪው። ሁሉም ርዕሱ ላይ ስለሚለጥፈው ምንም አይለይልሽም። በምትኩ የሥራውን ዓይነት ጻፊ፦ «አጭር ኮሜዲ ፊልም»፣ «ጭውውት»፣ «አጭር ድራማ»። ከዚያ ፊልተሩን ክፈቺና ርዝመቱን እስከ 20 ደቂቃ በሚደርሰው መካከለኛ ላይ አድርጊው። ይህ ብቻውን ብዙውን ቅንጥብጣቢ ያስቀርልሻል፤ ያ ዓይነቱ በብዛት የሚጫነው ሾርትስ ላይ ነው፣ ሾርትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ወዲህ ረዝሞም ከ3 ደቂቃ አያልፍም። የማትፈልጊውን ቃል ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርገሽ፣ በመሀል ክፍተት ሳትተዪ ጻፊው፦ «አጭር ኮሜዲ -ፕራንክ»።

በአማርኛ ስትፈልጊ የፊደል ጣጣም አለ። «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ፀጉር» እና «ጸጉር»፣ «ኮሜዲ» እና «ኮመዲ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ፍለጋው ግን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ብዙ ቻናል ደግሞ ርዕሱን የሚጽፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ «ጭውውት» የሚለው ቃል ብቻ እንኳ በተለያየ አጻጻፍ ይመጣል። አንዱን ፍለጋ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ዓይነት የግዕዝ አጻጻፍና በላቲን ሞክሪው።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን ይህ ነው፦ አንድ ጥሩ ሥራ ስታገኚ መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን ስም አንብቢ። የተዋናዩን አይደለም፣ የደራሲውንና የዳይሬክተሩን። ተዋናይ የቀረበለትን ሁሉ ይሠራል፤ ቀልዱን የጻፈው ሰው ግን የትም ቢጽፍ እጁ ይታወቃል። ስሙን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተሽ ፈልጊ። ቻናል ካለው ቪዲዮዎቹን በታዋቂነት ደርድሪና ከላይ ያሉትን አምስት ስድስት እይ፤ ከዚያ ከአሮጌው ጀምረሽ ደግመሽ ሂጂ። ገና ተመልካች ሳያገኙ የሠሯቸው፣ ብዙ የተለፋባቸው ሥራዎች ከታች ነው የሚቀሩት።

ለዚህ ሥራ የተለየ አካውንት ክፈቺ። ዩቲዩብ የሚያቀርብልሽ ያየሽውን ተከትሎ ስለሆነ ልጆች ካርቱን በሚያዩበት ስልክ ላይ ፍለጋው ይበላሻል። ፕራንክ ሲመጣ ሦስቱን ነጥብ ነክተሽ ቻናሉን እንዳያቀርብልሽ ንገሪው፤ ጥቂት ጊዜ ስታደርጊው ገጹ ይጠራል።

ከውጭ ሥራ ሾርት ኦፍ ዘ ዊክ የሚባለው ድረ ገጽ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጫጭር ፊልሞችን እየመረጠ ያቀርባል፤ በዘውግ ስለተከፋፈለ ኮሜዲውን ብቻ ማየት ይቻላል። ቪሜኦ የሚባለው የቪዲዮ ድረ ገጽም የራሱ ሠራተኞች የሚመርጡት «ስታፍ ፒክስ» የሚባል ዝርዝር አለው። ሁለቱም ጋ ለአዋቂ ብቻ የሚሆን ስለሚበዛ እስከ መጨረሻው ሰከንድ ሳታዪ ዝርዝርሽ ውስጥ አታስገቢ።

ጋሽ_ቴፕ

ልጄ፣ ከሕፃን እስከ አያት ካልሽ ቃል የማያስፈልጋቸውን አትርሺ። ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው የቆዩ ሥራዎች ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ የቻርሊ ቻፕሊንና የበስተር ኪተን ድምፅ አልባ ፊልሞች አሉ። ብዙዎቹ በዘመኑ አነጋገር «ሁለት ሪል» ናቸው፣ ወደ 20 ደቂቃ ግድም። የኪተን «ዋን ዊክ» (1920 እ.ኤ.አ.) ለእናንተ ሰፈር የተሠራ ነው የሚመስለው፦ አዲስ ተጋቢዎች ተገጣጣሚ ቤት ይሰጣቸዋል፣ የቀና ሰው የሳጥኖቹን ቁጥር ይቀያይርባቸዋል፣ ቤቱም ተጣሞ ይቆማል። ቤት ሲሠራ ያየ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይስቃል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። እነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ የተቀረጹት በሰከንድ ከ24 ባነሰ ምስል ነው። አንዳንዱ ቅጂ በ24 ስለተለወጠ ሰው ሁሉ የሚሮጥ ይመስላል። የአንዱን ፊልም ሁለት ሦስት ቅጂ አወዳድሪና ርዝመቱ ረዘም ያለውን፣ አካሄዱ የሰው አካሄድ የሚመስለውን ውሰጂ። ሁለተኛ፣ ፊልሙ በአሜሪካ የባለቤትነት ዘመኑ ቢያልፍም የተለጠፈበት ሙዚቃ አዲስ ሊሆን ይችላል። ሙዚቃውን ዘግታችሁ አንድ ክራር ተጫዋች ጎን ብታስቀምጡ ደግሞ ቤቱ ይሞቃል።

ከእኛው የተስፋዬ ካሳ፣ የልመንህ ታደሰ፣ የደረጀና ሀብቴ ጭውውቶች አሉ። እነዚህን ስትፈልጊ የኮሜዲያኑን ስም «ጭውውት» ከሚለው ጋር ጻፊ፤ የበዓል ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ስለሚበዙ «የበዓል» የሚልም ጨምሪ። ርዕሱ ላይ ያለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ለዪ፤ ዩቲዩብ የሚያሳየው ቀን የተጫነበትን እንጂ የተቀረጸበትን አይደለም። ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጡ ስለሆኑ ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ፕሮጀክተሩን ወደ ግድግዳው አስጠግተሽ ምስሉን ብታሳንሽው ፊቱ ይለያል። ሰው ሁሉ አጭርና ወፍራም ሆኖ ከታየ ምስሉ በስፋት ተለጥጧል ማለት ነው፤ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ የ«ኤ» ፊደልን ደጋግመሽ እየተጫንሽ አስተካክይው።

ጣፎ_ኤዲቲንግ

ስለ ፓሮዲው ልመልስ። ፓሮዲ የሚያስቀው ዋናውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። አያቶች የማያውቁትን የራፕ ዘፈን ፓሮዲ ብታሳዩ ግማሹ ቤት ዝም ይላል። ስለዚህ ፍለጋውን ከዋናው ጀምሩ። ነዋሪው ሁሉ የሰማውን ዘፈን ወይም ማስታወቂያ ምረጡ፣ ስሙን ጻፉና «ፓሮዲ»፣ «ኮሜዲ»፣ «በቀልድ» የሚሉትን እየቀያየራችሁ ጨምሩበት። ስታሳዩም ዋናውን 30 ሰከንድ ያህል አስቀድሙ።

በእኔ ግምት ለእንዲህ ያለ ቤት በጣም የሚሄደው የማስታወቂያ ፓሮዲ ነው። የሪል እስቴት፣ የባንክና የሳሙና ማስታወቂያ አነጋገር ከልጅ እስከ ሽማግሌ ሁሉም ጆሮ ውስጥ አለ። ቀጥሎ የውጭ ፊልም ትዕይንት ላይ የአማርኛ ድምፅ የሚጭኑት፣ «አስቂኝ ትርጉም» የሚባለው። እዚህ ላይ ግን ስድብ ይበዛል፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ንጹሕ ሆኖ አራተኛው ላይ ይፈነዳል፣ ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ስሙት። የዜና ፓሮዲ ካሳያችሁ ቀልድ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የቻናሉ ስም ተቆርጦ ሲዞር እውነት ብሎ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው።

ፓሮዲ ቶሎ ይጠፋል፣ ሊንክ ብቻ አታስቀምጡ። የዘፈኑ ወይም የፊልሙ ባለቤት ባመለከተ ጊዜ፣ አንዳንዴም ኮንቴንት አይዲ የሚባለው፣ የሌላ ሰው ሥራን የሚለየው የዩቲዩብ ሥርዓት ራሱ ለይቶት፣ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመኑ ኮንስታንቲን ፊልም በ2004 ከሠራው ፊልም ላይ የተሠሩ እጅግ ብዙ ፓሮዲዎችን በዚህ መንገድ አስወርዷል። ርዕሱን፣ የቻናሉን ስምና ርዝመቱን በደቂቃና በሰከንድ ጻፉ፤ ሲጠፋ ሌላ ቦታ ለማግኘት የሚረዳው ርዝመቱ ነው። ድምፁ የቀጠነ፣ ምስሉ እንደ መስታወት የተገለበጠ ወይም ዙሪያው ፍሬም የተደረገበት ካገኛችሁ ከኮንቴንት አይዲ ለማምለጥ የተነካካ የሌላ ሰው ሥራ ነውና ተዉት።

የኮዬዋ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ የክራሩ ሐሳብ በጣም ደስ ይላል፣ የሚጫወት ልጅ አለን። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቲክቶክ ላይ የሚዞሩትን ማን እንደሠራቸው በምን እናውቃለን? ደግሞ የአማርኛ ሰብታይትል (ምስሉ ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ) ፍላሽ ላይ ጭነን በፕሮጀክተሩ ስንከፍተው ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል።

ባለ_ፍላሽ

ቲክቶክ ላይ ከታች በስተቀኝ የሚዞረውን ዲስክ ንኪው። በዚያ ድምፅ የተሠሩት ሁሉ ይዘረዘራሉ፣ ድምፁ መጀመሪያ የወጣበት ቪዲዮም በአብዛኛው ከላይ ይሆናል። ድምፁ ተቀይሮ ከሆነ ፊት በደንብ የሚታይበትን ምስል ስክሪንሾት አንሥተሽ በጉግል ሌንስ ፈልጊ።

ሳጥኑ የሚመጣው ፕሮጀክተሩ የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው፣ ፋይልሽ አልተበላሸም። ላፕቶፕ ካላችሁ በኤችዲኤምአይ አገናኙና በቪኤልሲ ክፈቱት፤ ምርጫዎች ውስጥ ከሰብታይትል ሥር ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት። ላፕቶፕ ከሌለ ሰብታይትሉ ቀድሞ ምስሉ ላይ መታተም አለበት። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል፦ ሰብታይትሉ የተጻፈበትን የኤስአርቲ ፋይል የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ኮድ አስቀምጪ፣ ሰብታይትል የሚለው ገጽ ላይ አስገቢ፣ ምስሉ ላይ እንዲታተም የሚያዘውን ሳጥን ምልክት አድርጊበት። ከሙሉው በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ሠርተሽ እይ። የዩቲዩብ አውቶማቲክ ትርጉም ላይ አትመኩ፤ ቀልድ ቃል በቃል ሲተረጎም ይሞታል። 10 ደቂቃ ፊልም ራሳችሁ ብትተረጉሙ ይሻላል፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር ያልበለጠ።

የፋይሉ ዓይነት ኤምፒ4፣ የምስሉ መጭመቂያ ኤች.264፣ የድምፁ ኤኤሲ ይሁን። ርካሽ ፕሮጀክተሮች አዳዲሶቹን የምስል መጭመቂያዎች፣ ኤችኢቪሲና ኤቪ1ን፣ ብዙ ጊዜ አይከፍቱም፤ ድምፅ ብቻ እየሰማችሁ ምስሉ ከጠቆረ ምክንያቱ ይህ ነው። ካርቶኑ ላይ «1080» ቢልም የብዙዎቹ የራሳቸው ጥራት 480 ወይም 720 ነውና ከዚያ በላይ ማውረድ ዳታ መጨረስ ነው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በ480 ግማሽ ጊጋ ግድም፣ በ720 ከአንድ ጊጋ እስከ አንድ ተኩል ይወስዳል። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ማውረድ ያዋጣል።

የድምፁ ከፍታ ከፊልም ፊልም ስለሚለያይ ቪኤልሲ ላይ ድምፅ እኩል የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት። ፕሮግራሙን በ3 ደቂቃ ሥራ ክፈቱ፤ ሰው ወንበር እየፈለገ ረጅሙን አትጀምሩ። ረጅሙ ሦስተኛ ቢሆን ጥሩ ነው። መስኮቱ መጋረጃ ከሌለው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ምስሉ አይታይም።

ለቡ_ማዞሪያ

ስለ ማውረድ ልጨምር። የዩቲዩብ መተግበሪያ የሚያወርደው እዚያው መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ይከፈታል፣ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም። ኢንተርኔት አርካይቭ ግን ፋይሉን በቀጥታ ይሰጣል፣ ቪሜኦም ሠሪው ከፈቀደ የማውረጃ ቁልፍ አለው። በእኛ ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሥራን ለሕዝብ ማሳየት የባለቤቱ መብት ነው፤ በነፃ ማሳየታችሁ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ ለአገር ውስጥ ሠሪዎች በቻናላቸው ላይ ባስቀመጡት ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ጻፉላቸው። የትኛውን ቪዲዮ፣ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰው ግድም እንደምታሳዩ፣ መግቢያ እንደማታስከፍሉና ስማቸውን በስክሪን እንደምታወጡ በአራት በአምስት መስመር ግለጹ። ከፈቀዱ ዋናውን ፋይል በቴሌግራም እንዲልኩ ጠይቁ፣ ግን «እንደ ፋይል» ብላችሁ። እንደ ቪዲዮ ከተላከ ቴሌግራም ያጨመቀዋል፤ እንደ ፋይል ከሆነ እስከ 2 ጊጋ ድረስ እንዳለ ይደርሳችኋል።